ነጭ ካልሲ ያደረገችው ግመል

ባለፈው ሳምንት ኖርዝ ሆሊውድ ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንሶላዬ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ወጣት ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወሽቃ ፎጣ ታጥፋለች። የሰው ወሬ ማዳመጥ አልወድም እላለሁ ሁልጊዜ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እወዳለሁ። ልጅቷ ድንገት ፎጣውን ለቀቀችና «ወይኔ! ግመሏ መጣች!» ብላ ጮኸች። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለችውም «ምነው፣ ሦስት ወር ሙሉ ረስቻት ነበር እኮ!» ስትል እኔ ድረስ ተሰማኝ። ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

ስልኩን እስክትዘጋ ታግሼ «የኔ ልጅ፣ ይህን ነገር ከማን ተማርሽው?» አልኳት።

«ምኑን? ግመሏን? ኦ ማይ ጋድ፣ አንቺም ትጫወቻለሽ?» አንቱታውን እንደ እኩዮቿ ሁሉ ረስታዋለች፤ አልተቀየምኳትም። «እኔ ከመዘምራን ጓደኞቼ ነው። ሶ፣ እነሱ ደግሞ ከቶሮንቶ ነው የመጣው ይላሉ። የድሮ ነገር መሰለኝ፣ ካገር ቤት።»

«ይሆናል» አልኳት። እኔ ግን ያቺ ግመል የተወለደችበትን ቦታም አባቷንም አውቃለሁ። እንዲያውም አሳዳጊዋ እኔ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያኔ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ መንገድ አጠገብ ባለችው አንዲት የሐበሻ ብሎካችን ውስጥ ሱቅ እሠራ ነበር። ዓመቱን ከጠየቃችሁኝ እሳሳታለሁ። ቤንዚን አራት ዶላር አልፎ ባለታክሲው ሁሉ የሚያለቃቅስበት፣ ልጃገረዶቹ ቀይና አረንጓዴ ጠባብ ሱሪ የሚለብሱበት፣ ወንዶቹ ደግሞ በሐምሌ ሙቀት የቆዳ ጃኬት የማያወልቁበት ጊዜ ነው። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ባለ ሁለትና ባለ አምስት ዶላር የስልክ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ሰው ቁጥሩን በሳንቲም ፍቆ እዚያው እፊቴ ቆሞ አገር ቤት ይደውላል፣ እኔም የሁሉንም ጉድ ሳልወድ በግድ እሰማለሁ። ጎረቤታችን ሲዲ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ እግረኛው መንገድ አዙሮ አዲስ የወጣውን ዘፈን ሰው እስኪሰለቸው ይለቅቀዋል። እንጀራው ማለዳ በፌስታል ታሽጎ ሲመጣ ገና ሙቀቱ አይወጣለትም ነበርና የመደርደሪያው መስታወት በላብ ይሸፈናል። ዛሬ ባጠገቡ ሳልፍ ሱቁ የቅንድብ መቀንደቢያ ሆኗል፤ መስታወቱ ግን ያው የድሮው ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ እንደ ወንድም የማየው ታዬን ነበር። ታዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ባለታክሲ፣ ረጅም፣ ቡናማ ጃኬት ለባሽ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም «አቦ» ብሎ የሚጠራ። ኤርፖርት ተራ የያዙ ታክሲዎች የሚጠብቁበት አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ለአንዲት ተሳፋሪ ሦስት ሰዓት የሚሰለፉበት። እዚያ አንድ ቀን አንድ ጓደኛው የመንጃ ፈቃዱን ነገር እያሰበ ሊያብድ ደረሰ። ታዬ «ማሰብ ካላቆምክ እኔ ሥራ እሰጥሃለሁ» አለው። «አራት እግሯ ላይ ነጭ ካልሲ ያደረገች ግመል ኦሎምፒክን ስታቋርጥ ይታይህ። ታየችህ? በል እንግዲህ፣ ካሁን ጀምሮ ስለሷ እንዳታስብ።» ሰውዬው እስኪመሽ ከግመሏ ጋር ሲታገል የመንጃ ፈቃዱን ረሳው ይባላል።

ሕጉ ቀላል ነው። ግመሏ በሐሳብህ ከመጣችብህ ተሸንፈሃል። ስትሸነፍ አጠገብህ ላለው «ግመሏ መጣች» ብለህ መናገር አለብህ፤ እሱም ሲሰማ መጣችበት ማለት ነውና አብሮህ ይሸነፋል። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። ዳኛ የለም፣ ምስክር የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ነውር ነው፤ መጥታብህ ሳለ መደበቅ። ታዬ ይህን ሱቄ ውስጥ ሲያስረዳኝ «ምን ዓይነት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው!» ብዬ አባረርኩት። ጥቂት ቆይቼ ለአንዲት እናት ሽሮ እየመዘንኩ ሳለሁ ግመሏ ካልሲዋን አድርጋ ከች አለች። ምን ላድርግ? ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ አያምንም። ጨዋታው የምግብ ቤቶቹ ጓዳ ውስጥ ገባ፤ አስተናጋጇ ትሪ ተሸክማ «ግመሏ መጣች» ስትል ወጥ ቤቶቹ በሙሉ በአንድ ድምፅ ያማርራሉ። ፓርኪንግ የሚሠሩት ልጆች መኪና ሲያስረክቡ ቁልፉን በእጅ፣ ግመሏን በጆሮ ይሰጡ ነበር። አንድ ሰባኪ ይህ ክፉ መንፈስ ነው ብለው መድረክ ላይ አወገዙት አሉ፤ እስከዚያ ቀን ያልሰማ ሁለት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ተሸንፎ ወጣ። እኔም ጥፋቴን አልክድም፤ መልስ ከሰጠሁ በኋላ ለስንቱ ሹክ ብያለሁ። ያ ሁሉ ሰው ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ነበር። ለአንዲት ደቂቃ አብሮ የሚሸነፍበት ነገር አገኘ። አሁን ሳስበው ከዚህ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ናዝሬት ላለችው እናቴም በስልክ ነገርኳት። እሑድ እሑድ እደውልላት ነበር። ጨዋታነቱ አልገባትም፤ ግመሏ እኔ ሰፈር ያለች የሰው ከብት መሰለቻት። «ያቺ ግመልሽ ትናንት ጸሎት ላይ መጣችብኝ» ትለኛለች። «ካልሲዋን ግን ማን ያጥብላታል? ነጭ አይበረክትም እኮ።» እንደዚህ ባለችኝ ቁጥር ሰኞን ሙሉ ስስቅ እውላለሁ። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ አልተያየንም ነበር። በስንት መከራ ወረቀቴ አለቀና ትኬቴን ቆረጥኩ፤ ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አንድ የደብተር ወረቀት አመጣልኝ። የወንድሜ ልጅ የእናቴን እግር ወረቀቱ ላይ አስቁማ ዙሪያውን በእርሳስ ሥላዋለች። እግሯ ያብጥ ስለነበር የገበያ ጫማ አልሆን ብሏት፣ ሰፊ ጫማ እንዳመጣላት ነው። የአውራ ጣቷ ጉብታ ሳይቀር ወጥቷል። ያን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዤው ዞርኩ።

ሐሙስ ዴይ ኦፌ፣ የዕረፍት ቀኔ፣ ስለነበር ታዬ በመኪናው ወደ ፒኮ መንገድ ሊወስደኝ መጣ። ወደ ሮበርትሰን ስትሄድ አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ የከፈቱት፣ ለታመመ እግር የሚሆን ጫማ ያለበት ትንሽ ሱቅ ነበር። መንገድ ላይ ታዬ ሬዲዮኑን አልከፈተም። «ምነው አኮረፍክ?» ስለው «ሺፍቴ ረጅም ነበር፣ ደክሞኛል አቦ» አለኝ። ጫማ ቤት ስንገባ ወረቀቱን አውጥቼ «እስቲ ያዝልኝ» ብዬ ሰጠሁት። ታዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ ያየው ጀመር። ብዙ አየው። ሽማግሌው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ፊቱ ሰፊ የሆነ ጫማ አምጥተው ወረቀቱን ከሥሩ አስገብተው ለኩና ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእናቴ ስላቸው በራሳቸው ወግ መረቁኝ፤ መቶ ሃያ ዓመት ይኑሩ፣ ጫማውንም በጤና ይጨርሱት አሉኝ። አሜን ልል ዞር ስል ታዬ መስታወቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶናል።

ላጫውተው ፈለግሁ። ያ ሁሉ ካልሲ በመደርደሪያው ላይ ተደርድሮ እያየሁ እንዴት አትምጣብኝ? «ታዬ!» አልኩት፣ «ግመሏ መጣች!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ይዞ «ገደልሽኝ አቦ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ያን ቀን ዞር ሳይል «እሺ» አለ። እሺ ብቻ። ከዚያ «እውጪ ልጠብቅሽ» ብሎ ወጣ።

እዚያው ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ግመሏን አንድም ሰው አልነገረኝም። አስተናጋጆቹ በርበሬ ሊወስዱ መጥተው ዓይናቸውን ሰብረው ሄደዋል። የፓርኪንጉ ልጆች እኔን ሲያዩ ወሬ አቁመዋል። አንዷ ያለ ምክንያት እጄን ይዛ «አይዞሽ እትዬ ሙሉ፣ መንገዱን ያቅናልሽ» ብላኛለች፤ እኔም ለጉዞዬ መስሎኝ አመስግኛታለሁ። ወንድሜም ስልኩን አላነሳ ብሎ «ኔትወርክ ነው» የሚል መልእክት ብቻ ልኮልኛል። የኛን ሰው አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ እዚህ ላለ ወዳጅ ይደውላል፣ ወዳጁ ለሌላው ይነግራል፣ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ በር እስኪያንኳኳ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ይቆያል። እዚህ ደግሞ ሁሉም ሥራ ስላለው እሑድን ይጠብቃሉ። ሁሉም ነገር ላይ ተጠንቅቀው ነበር። ተንከባከቡኝ፣ ፈገግ አሉልኝ፣ ስለ ሻንጣዬ ጠየቁኝ። ግመሏን ግን ረሱ። የሞተባት ሴት ፊት መቀለድ ነውር ሆነባቸውና ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ነገረኝ።

ጫማውን ገዛሁት። ምን ላድርግ? አልፈልግም ብል ማወቄን ማወጄ ነው። ሽማግሌው ሣጥኑን በገመድ አስረው ሰጡኝ፤ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ፌርፋክስን አቋርጠን ደረስን። ብጠይቀው ይነግረኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አልጠየቅሁትም። ካልጠየቅሁት እናቴ እስከ እሑድ ድረስ በሕይወት አለች።

ዓርብንና ቅዳሜን ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንጀራ ሸጥኩ። እኔ ብቻ ያላወቅሁ መስሏቸው የሚያዝኑልኝን ሰዎች እኔ አዘንኩላቸው። ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ ቤቱን ጠረግሁ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፣ ያለኝን ወንበር ሁሉ ዙሪያውን ደረደርኩ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በሌሊት ልብሴ ከፈትኩላቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ደረጃው ላይ ተኮልኩለዋል። እናቴ ማክሰኞ ነበር ያረፈችው። አለቀስኩ፤ ያስመሰልኩት ለቅሶ አልነበረም፣ ከሐሙስ ጀምሮ አፍኜ የያዝኩት እንጂ። ሰው ሲቀመጥ ታዬ መሀል ላይ ቆሞ ወንበሮቹን ሲያይ አየሁት። ቀድመው ተደርድረው ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ለአርባዋ ሄጄ መጣሁ፤ ጫማውን ይዤ አልሄድኩም። ስመለስ ሁሉም ደግ ነበር፣ ታዬን ግን ላየው አልቻልኩም። ሲገባ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ። መርዶውን መደበቁ አልነበረም የቆጠቆጠኝ፤ ያን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ፣ ሞታ እንደተቀበረች እያወቀ፣ የእግሯ ልክ ሲለካ ቆሞ ማየቱ ነው። እንዴት ቻለ? ግመሏ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋሽንግተን ገባች፣ ሲያትል ገባች፣ ሠርግ ላይ ሚዜዎች በማይክሮፎን ይጮሁባታል ይሉኛል። እኔ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ማንም በኔ ፊት አያነሳትም። የሐዘን ልብሴን ካወለቅሁ በኋላ እንኳ ሰው ሳቁን በር ላይ ትቶ ነበር ወደኔ የሚገባው። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ታዬ አንድ ማስቲካ ይዞ ተራውን ጠብቆ እፊቴ ደረሰ። መሸሻ አልነበረኝም።

«ሙሉ» አለኝ።

«አቤት።»

«ያን ሐሙስ…»

«ተወው ታዬ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አልተወውም። ጫማ ቤት ውስጥ አንቺ ስትናገሪ እኔም ላይ መጥታ ነበር። ደበቅሁሽ። ከዚያም ውጪ ቆሜ፣ ከዚያም መኪና ውስጥ፣ እስካደርስሽ ድረስ ከፊቴ አልሄደችም። እናትሽ ካልሲዋን ማን ያጥብላታል ያሉትን ነግረሽኝ የለ? እሱ ነው የሚመጣብኝ። ወንድምሽ እስከ እሑድ አደራ ብሎኝ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የሰበርኩት እኔ። ይኸው፣ ግመሏ መጣች።»

እንባው በጢሙ ላይ ወርዷል። ከኋላው አምስት ፓኬት እንጀራ የታቀፈች ሴትዮ መሬት መሬት እያየች ቀስ ብላ «እኔም ላይ መጣች፣ ይቅርታ» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። ከእናቴ ሞት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ከሳቁ ለቅሶ፣ ከለቅሶው ሳቅ ተቀላቀለብኝና ያ ሁሉ ሰው እንጀራውን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። ስረጋጋ ግን ያለችኝን ቂም አልዋጥኳትም። «እሺ ይሁን» አልኩት፣ «እኔ ብሆን ግን አልደብቅህም ነበር።»

«አያድርስብሽ» አለኝ ታዬ። ማስቲካውን ረስቶት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሄደ። በስልክ የሚጠራው መኪና ታክሲውን አጠፋው፤ ኤርፖርቱ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ሰልፍ ቀረ። የስልክ ካርዱንም ማንም የሚገዛው ጠፋ። እኔም ቆሜ መሥራት ሲያቅተኝ ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ተሻገርኩ። እግሬ እንደ እናቴ ማበጥ ጀመረና አንድ ቀን የጫማውን ሣጥን ገመድ ፈታሁ። ልኬ ነው። ዛሬም የማደርገው እሱን ነው። ታዬ ደግሞ መርሳት ጀመረው። መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው፤ ያን ከተማ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው መኝታ ቤቱን የሚያሳየው ፈለገ። ልጁ ሩቅ ስለሆነች ፒኮ አካባቢ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አስገባችው። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት አውቶቡስ ይዤ እጠይቀዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስም የልብስ ማጠቢያ ቤቷን ልጅ ነገር ልነግረው እየቸኮልኩ ሄድኩ። ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ወንበር ስቤ እፊቱ ተቀመጥኩና እንደ ድሮዬ «ታዬ፣ ግመሏ መጣች!» አልኩት።

አተኩሮ አየኝ። «የማን ግመል?»

«ያንተ ነቻ! ባለ ነጭ ካልሲዋ። ዓለምን ዞራ ተመለሰች እኮ።»

«እኔ ግመል የለኝም አቦ» አለኝ በትሕትና። «ጠፍታባቸው ይሆናል፣ ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው።»

በዚያ ጨዋታ ማሸነፍ የለም እያልኩ ስንቱን ሰው አስተምሬያለሁ። ታዬ አሸንፏል፤ ከሁላችንም ብቻውን። እንዳያየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ እጄን ነካ አደረገኝ። ፊቱ ላይ የሆነ ብርሃን መጥቷል። «ሙሉ!» አለኝ፣ ስሜን ከጠራ ስንት ወሩ። «ሙሉ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው?»

ዓይኑ ውስጥ ጭንቀት ነበር፤ መልሴን እየጠበቀ ነው። ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አልደብቅህም ነበር» ያልኩት ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ እውነቱም ምላሴ ላይ ነበር።

«ደህና ናት» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ናት።»

«ተመስገን። ያ ጫማስ፣ ልካቸው ሆነ?»

እግሬን ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።

«ልክክ አለላት» አልኩት።